አንድ ዘንግ፣ ሁለት ንባብ

በእንግሊዝ አገር ካምብሪጅ፣ ኩዊንስ ኮሌጅ አሮጌው ግቢ ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ የተሳለ የፀሐይ ሰዓት አለ። የአይዛክ ኒውተን ሥራ ነው ሲባል ኖሯል። ዛሬ የሚታየው የተሳለው ግን እ.ኤ.አ. በ1733 ነው፤ ኒውተን ካረፈ ስድስት ዓመት አልፎ።

መጀመሪያ ዓይን የሚስበው ቀለሙ ነው። ሙያው ያለው ግን ግድግዳው ላይ ተተክሎ ወደ ውጭና ወደ ታች ባዘቀዘቀው ቀጭን ዘንግ ላይ ነው። አካባቢው ከምድር ወገብ 52 ዲግሪ ስለሚርቅ ዘንጉ ከግድግዳው 38 ዲግሪ ያህል ይርቃል፤ ምድር ከምትሽከረከርበት ምናባዊ መስመር ጋርም ትይዩ ይሆናል። በዚህም የተነሳ የጠዋት 4 ሰዓት ጥላ ክረምት ከበጋ ከዚያችው መስመር ንቅንቅ አይልም። ዘንጉ ላይ ደግሞ ትንሽ የወርቅ ኳስ አለች። ፀሐይ ከፍ በምትልበት ወራት የኳሷ ጥላ ግድግዳው ላይ ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ስትል ከፍ ይላል። ሠዓሊው ይህን ጉዞ ተከትሎ ዐውደ ነገሥት የገለጠ ሰው ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ እያለ የሚያውቃቸውን አሥራ ሁለቱን ምልክቶች አስፍሯል። የዘንጉ ጥላ ሰዓቱን፣ የኳሷ ጥላ ወቅቱን ይናገራል።

ከሥሩ ለጨረቃ የተዘጋጀ የቁጥር ሠንጠረዥ አለ። የጨረቃ ጥላ ትክክል የሚሆነው ሙሉ ስትሆን ነው፤ ከዚያ በየቀኑ 48 ደቂቃ ያህል ይዘገያል፤ ሠንጠረዡ ሂሳቡን ይሠራል። ደመና በማይጠፋበት አገር ይህን ያህል መድከም እልከኝነት ነው፤ እኔ ግን ወድጄዋለሁ።

ይህንኑ ገልብጦ አዲስ አበባ ቤት ላይ መስቀል አያዋጣም። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምትሆን የደቡቡ ግድግዳ በቀትር ጥላ ነው። እዚህ የሚሻለው የምሥራቁ ግድግዳ ነው። ዘንጉ ከግድግዳው 10 ሳንቲሜትር ርቆ ትይዩ ይሆናል፤ የሰሜን ጫፉ 9 ዲግሪ ብቻ ቀና ይላል። በፀሐይ አቆጣጠር ጠዋት 12 ሰዓት ጥላው ልክ ከዘንጉ ጀርባ ያርፋል። 1 ሰዓት ላይ 2.7 ሳንቲሜትር፣ 3 ሰዓት ላይ 10፣ 5 ሰዓት ላይ 37 ሳንቲሜትር ይወርዳል። 6 ሰዓት መስመር የለውም፤ ፀሐይዋ ግድግዳውን ትለቀዋለች፤ ተራው የምዕራቡ ነው። የአዲስ አበባ ፀሐይ ከእጅ ሰዓት በአማካይ 25 ደቂቃ ስለምትዘገይ፣ ጠንቃቃ ሠሪ መስመሮቹን ሲያሰምር ይህችንም አስልቶ ያስገባታል።