ቤት ውስጥ ስናስተምር ለምን እንቸኩላለን?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



መስከረም ሲጠባ በየቤታችን አንድ ዓይነት ነገር ይታያል። ደብተር ይገዛል፣ ፕሮግራም ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ «ዘንድሮስ ልጆቻችንን ቤት ውስጥ በደንብ እናስተምራለን» ተብሎ ኒያ ይደረጋል። ኒያው መልካም ነው፤ አላህ ይቀበለው። ነገር ግን ጥቅምት ሳይገባ ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ቀርቶ ትምህርቱ የት ይገባል? ትችቱን ከራሴ ልጀምር።

እኔ መድረሳ ውስጥ ያደግሁ፣ ሥራዬም ማስተማር የሆነ ሰው ነኝ። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ልጆቼን ቤት ማስተማር ጀመርኩ። ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ በኋላም ቁርኣኑንና ዲኑን ከዐስር እስከ መግሪብ እዚያው ቤት ቀጠልን። ዘንድሮ በመጀመሪያው ሳምንት ስድስት ትምህርት ደረደርኩ፦ ቁርኣን፣ ተጅዊድ፣ ዐረብኛ፣ ፊቅህ፣ ሲራና ሐዲስ።

በአራተኛው ቀን የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ሱረቱ-ን-ነበእን ቀራችልኝ። አቀራሯ አስደሰተኝና ማሻአላህ ልል ስል ጣቷን አየሁ። ምላሷ ስለ ሌሊት የሚናገረው አሥረኛው አያ ላይ ሲደርስ፣ ጣቷ ገና ስለ ምድር የሚናገረው ስድስተኛው ላይ ነበረች። ለካ ልጅቷ ፊደሉን እያየች አይደለም፤ ታላቅ ወንድሟ ሲቀራ ሰምታ ነው የያዘችው። «ማንበቡ ካቃተሽ ለምን አልነገርሽኝም?» ብላት፣ «አባዬ፣ ትቆጣለህ ብዬ ነው» አለችኝ።

እኔም በልጅነቴ አርጩሜ ፈርቼ ያልያዝኩትን «ይዣለሁ» ያልኩበት ቀን ብዙ ነው። አርጩሜን ቤቴ አላስገባሁም ብዬ እኮራ ነበር። ለካ በፊቴ ላይ ይዤው ገብቻለሁ።

በዚያች ሌሊት የኢብን ኸልዱንን «ሙቀዲማ» አውጥቼ ስለ ማስተማር የጻፈውን ደግሜ አነበብኩ። በ1332 እ.ኤ.አ. ቱኒስ የተወለደው ይህ ዓሊም መጽሐፉን በ1377 ነው የጻፈው። ልጅ በኃይልና በጫና ሲማር ንቃቱ እንደሚጠፋ፣ ቅጣት እየፈራ ውሸትንና ማስመሰልን እንደሚለምድ፣ ይህም አብሮት እንደሚያድግ ያስረዳል። ልጄ በአራት ቀን ያሳየችኝን እርሱ ከስድስት መቶ ዓመታት በፊት ጽፎታል! ደግሞም ትምህርት ጥቂት በጥቂት፣ እየተደጋገመ እንዲሰጥ፣ ሁለት የዕውቀት ዘርፎች ባንድ ጊዜ እንዳይደባለቁ ይመክራል። እኔ ስድስት ደርድሬ ነበር።

ይሁን እንጂ መጽሐፉን እንዳለ አንስተን ቤታችን እንትከለው ማለቴ አይደለም። አንድ ዘርፍ ብቻ ያዙ የሚለው ጊዜውን ሁሉ ለዒልም ለሰጠ ደረሳ ይመቻል። የኛ ልጆች ግን ሒሳቡንና ሳይንሱን ተምረው፣ ደክመው ነው ቤት የሚገቡት። ስለዚህ ምክሩን እንዳለ መፈጸም ባንችል እንኳ፣ በሸክም ላይ ሸክም አለመጨመር እንችላለን።

ኸሊፋው ሃሩን አር-ረሺድ ለልጁ ለአል-አሚን አስተማሪ የሰጠውን አደራም በመጽሐፉ እናገኛለን። ጊዜው በከንቱ አይለፍ፣ ነገር ግን ልጁን አስከፍተህ አእምሮውን አትግደል፤ አስቀድመህ በልስላሴ አቅናው፣ እምቢ ካለ ጠንከር በል የሚል መንፈስ አለው። ብዙዎቻችን ይህን አደራ ከመጨረሻው እንጀምረዋለን፤ ልስላሴውን ሳንሞክር ጥንካሬው ላይ እንደርሳለን።

ሌላም ነገር አለ። ኢብን ኸልዱን በዘመኑ የመግሪብ ልጆች ቁርኣንን ብቻ ይዘው ቋንቋው ላይ ደካማ ሆነው እንደሚቀሩ ታዝቧል። የኛ ልጆች ደግሞ አፋቸውን የፈቱት በአማርኛ ነው። ልጄ ያነበበችው ስለ ሌሊትና ስለ ምድር መሆኑን ማን ነግሯት ያውቃል? የአማርኛው የቁርኣን ትርጉም በ1961 ዓ.ም. ታትሞልናል። ሸይኽ ጦልሓ ጀዕፈርን የመሳሰሉ የወሎ ዓሊሞችም በአማርኛ መንዙማ ሕዝቡን አስተምረዋል። ታዲያ እኛ ቤታችን ውስጥ ለአንዲት አያ ትርጉም አምስት ደቂቃ እንዴት እናጣለን?

በማግስቱ ወረቀቱን ከግድግዳው አነሳሁ። አሁን በቀን አምስት መስመር ብቻ ነው፤ ጣቷ ከምላሷ ጋር እኩል ትሄዳለች፤ ከዚያ ትርጉሙን በአማርኛ እናወራለን። ሲራውን ማታ እናታቸው በተረት መልክ ትነግራቸዋለች። እውነቱን ለመናገር የጎረቤታችን ልጅ ቀድማታለች፤ ጁዝ ዐማንም ዘንድሮ ላትጨርስ ትችላለች። ይህ ለአንድ አስተማሪ አባት ቀላል አይደለም። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት «አባዬ፣ ይቺን አልቻልኳትም» አለችኝ። ከተቀራው ሁሉ ይህች ቃል አስደሰተችኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ቁርኣን ራሱ በ23 ዓመታት ጥቂት በጥቂት ነው የወረደው። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን አስተምረውናል። እንግዲያው ዛሬ ማታ ልጅዎ ሲቀራ ድምፁን ብቻ አይስሙ፤ ጣቱንም ይዩ። ጣቱ ወደ ኋላ ቀርታ ካገኟት አይቆጡ፤ አብረዋት ወደ ኋላ ይመለሱ።

አላህ ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።