ምንም የማትሠራው ትእዛዝ

ከፕሮሰሰር ትእዛዞች መካከል ሥራዋ ምንም አለመሥራት የሆነች አንዲት አለች። ቦታ ትሞላለች፤ ከእሷ በኋላ የሚመጣው ትእዛዝ በሚመቸው አድራሻ ላይ እንዲያርፍ ታደርጋለች። ረጅሟ ዓይነት «ኖፕል» ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የገቡት አረንጓዴና ነጭ የኤክስኦ ላፕቶፖች ጂኦድ ኤልኤክስ የተባለ የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ነበራቸው፤ ፍጥነቱ 433 ሜጋኸርዝ፣ ራሙ 256 ሜጋባይት። ጂኦድ ኖፕልን አያውቃትም፤ ሲያገኛት «ሕገወጥ ትእዛዝ» ብሎ ፕሮግራሙን ይዘጋዋል። ዴቢያን ሊኑክስ በ2023 በወጣው 12ኛ ዕትሙ ትእዛዟን ግዴታ ሲያደርጋት ጂኦድ ከሚደገፉት ዝርዝር ወጣ። ላፕቶፑ ግን ከዕትሙ በፊት ከነበረበት ፍጥነት ቅንጣት አልቀነሰም።

የማሽንን ዕድሜ በአብዛኛው የሚወስነው ሶርስ ኮድን ወደ ፕሮሰሰር ትእዛዝ የሚቀይረው፣ ማለትም ኮምፓይል የሚያደርገው ሰው ነው የምለው ለዚህ ነው። አንዱን ሶርስ ኮድ ጂሲሲ ለተባለው ኮምፓይለር ሰጥቶ «ማርች» በተባለው አማራጭ «ኔቲቭ» ያለ ሰው ኮምፓይለሩን «እኔ ፊት ላለው ማሽን ብቻ ሥራ» ማለቱ ነው። ያው ኮድ «አይ686» ተብሎ ቢዘጋጅ እስከ ፔንቲየም ፕሮ ድረስ ወደ ኋላ ይሄዳል። ነገሩ የአሮጌ ቅርስ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል፣ በ2025 የወጣው ሬድ ሃት ሊኑክስ 10 ኤቪኤክስ2 የተባሉትን ትእዛዞች ስለሚጠይቅ እ.ኤ.አ. በ2012 የተሠራ ባለ64 ቢት ኮር አይ5 ላፕቶፕ እንኳ አይቀበልም።

በደቡብ ጎንደር የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ የሚደርስበትን ቦታ ሳያዩ የማዘጋጀትን ስህተት አይሠራም። በጉና ደጋ የሚበቅለውን ገብስ በበሽሎ ሸለቆ ቆላ አይዘራም፤ ዘሩን የሚመርጠው መሬቱን አይቶ ነው። በእነዚሁ አካባቢዎች ከተሞች፣ ነፋስ መውጫ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ላለ ትምህርት ቤት የተማሪ ውጤት መመዝገቢያ የሚያዘጋጅ ባለሙያም መነሻውን እዚያ ካለው ማሽን ቢያደርግ ይሻላል። በእኛ አቆጣጠር በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት አልተመለሰም። እንዲህ ባለ ጊዜ በፍላሽ የሄደ ፕሮግራም አልነሣም ቢል «የተስተካከለውን አውርዱ» ማለት አይሠራም። እናም ባይናሪው፣ ማለትም ኮምፓይል የተደረገው ፕሮግራም፣ አነስተኛውን ፕሮሰሰር፣ አሮጌውን ሲ ላይብረሪ ታሳቢ አድርጎ መውጣት አለበት። ኮምፓይሉ ራሱ መብራትና ጉልበት ባለበት፣ ለምሳሌ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ባለ ፈጣን ማሽን ላይ ቢሠራ ምንም ችግር የለውም።

አሮጌ ማሽን ለጥቃት የተጋለጠ ነው የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ግን ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከዓመታት በፊት በተጫነው ባይናሪ ውስጥ ነው። የታረመውን ሶርስ ለዚያው ፕሮሰሰር እንደገና ማዘጋጀት ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ድጋፍ ማቋረጥ ክፍት ይተወዋል። ፍጥነት ይቀንሳል ለሚለውም፣ የ60 ተማሪ ውጤት ለመደመር ኤቪኤክስ2 አያስፈልግም። በእርግጥ በሚያስፈልግበት ቦታ አንዱን ተግባር በሁለት ዓይነት አዘጋጅቶ ፕሮግራሙ ሲነሣ ፕሮሰሰሩን ጠይቆ እንዲመርጥ ማድረግ ይቻላል፤ ጂሊብሲ የተባለው ሲ ላይብረሪ ሜሞሪ ሲገለብጥ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

የሚከብደኝ ተቃውሞ የሰው ጊዜ ነው። ኮምፓይል ማድረጉ ቀላል ነው፣ መፈተሹ ያደክማል። ኪውኢኤምዩ የተባለው ፕሮግራም ፔንቲየም 3ን አስመስሎ ያስነሣል፣ እውነተኛውን ማሽን ግን ሙሉ በሙሉ አይተካም። ብሮውዘርን በተመለከተ እጄን እሰጣለሁ፤ ክሮም ኤስኤስኢ2 የተባሉትን ትእዛዞች ግዴታ ካደረገ እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ፔንቲየም 3 ላይ ዘመናዊ ብሮውዘር ለማስነሣት መታገል ትርፉ ድካም ነው። መዝገብ፣ መዝገበ ቃላት፣ የፊደል መለማመጃ ግን ልፋቱ ይገባቸዋል።

ልፋቱን የማንሸሽበት ቀንም ተቆርጧል። አሮጌ ፕሮግራሞች ሰዓት የሚይዙበት ባለ32 ቢቱ የሰከንድ ቆጣሪ የሚሞላው እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 2038 ነው፤ በእኛ ጥር 11 ቀን 2030፣ የጥምቀት ዕለት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ሊኑክስ፣ ከ2021 ወዲህ ጂሊብሲ በባለ32 ቢት ማሽን ላይ ባለ64 ቢት ሰዓት ይፈቅዳሉ፤ የሚጠቀምበት ግን በዚያ አማራጭ እንደገና ኮምፓይል የተደረገ ፕሮግራም ብቻ ነው። ያልተነካው ባይናሪ በዚያ ንጋት ወደ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894፣ ወደ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ ይገባና የተማሪውን ውጤት በዚያ ቀን ይመዘግባል።