«በክረምት የበረዶ ናዳ አደጋ»፦ በአንድ የትርጉም ሐረግ ላይ የቀረበ ሒስ

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ተራሮች አካባቢ ለሚኖሩ ወገኖቻችን የታሰበ አንድ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ በአማርኛ ተተርጉሞ ለአስተያየት ቀርቦልናል። ዐረፍተ ነገሮቹ የተስተካከሉ ስለሆኑ ተርጓሚው ሊመሰገን ይገባዋል። ይሁን እንጂ የጽሑፉ ቁልፍ በሆነው «በክረምት የበረዶ ናዳ አደጋ» በተሰኘው ሐረግ ውስጥ ካሉት አራት ቃላት ሦስቱ አንባቢውን ያሳስታሉ።

ለላፍቶ ነዋሪ ክረምት የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው፤ በረዶም ቆርቆሮውን የሚደበድበው ጠጣር እንክብል ነው። ጽሑፉ የሚናገረው ግን ስለ ፈረንጆቹ የብርድ ወራትና በዚያን ጊዜ ስለሚከመረው ልስልስ አመዳይ ነው። ግዕዝ ሐመዳን ከበረድ ይለያል፤ በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም በመዝሙር 148 አመዳይንና በረዶን ለየብቻ ይጠራል። ነገሩም ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ኮስማስ በ6ኛው መቶ ዓመት አዱሊስ ላይ የገለበጠው የአክሱም ንጉሥ የግሪክኛ ጽሑፍ በሰሜን ተራሮች ሰውን እስከ ጉልበቱ ስለሚያሰምጥ አመዳይ ያወሳል። እርግጥ አመዳይ በአንዳንድ ደጋ አገር በማለዳ ሣር ላይ የሚታየውን ነጭ ብርድ ያመለክታል፤ ለዚህኛው ግን ውርጭ የሚለው ቃል ይበቃዋል።

«ናዳ» የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። «ናደ» ከሚለው ግሥ የወጣ በመሆኑ የሚናደው ድንጋይም፣ አፈርም፣ አመዳይም ቢሆን ይስማማዋል።

ከሁሉ የከበደው ስሕተት «አደጋ» ላይ ነው። ቃሉ የሚያሠጋውንም የደረሰውንም ያመለክታል፤ «የመኪና አደጋ» ስንል የደረሰውን ማለታችን ነው። አውሮፓውያን በ1993 እ.ኤ.አ. የተስማሙበት ባለ 5 ደረጃ መለኪያ ግን የሚመዝነው ገና ያልደረሰውን ነው። ጠንካራ የአመዳይ ንጣፍ በደካማ ንጣፍ ላይ ሲያርፍ፣ ይልቁንም ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያጋድል ተዳፋት ላይ፣ የአንድ ሰው ክብደት ብቻ ሊንደው ይችላል። «የናዳ አደጋ፣ 3ኛ ደረጃ» የሚለውን ያነበበ ሰው ግን ናዳው ወርዶ ያለፈ፣ ጉዳቱም መካከለኛ የሆነ ሊመስለው ይችላል።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንዶ ሰዎች በተቀበሩ ጊዜ፣ እነርሱን ለማውጣት የተሰበሰቡት ላይ ሌላ ናዳ ወረደባቸው፤ ከ200 በላይ ሰዎችም ሞቱ። ይህን ያመጣው የቃል ጉድለት ነው አንልም። ሆኖም አደጋው ከደረሰ በኋላ ሥጋቱ እንዳለ ሊቆይ እንደሚችል በግልጽ ያሳያል። የማስጠንቀቂያ ቋንቋ ሁለቱን በአንድ ስም ሊጠራ አይገባውም።

ሥጋት የልብን ፍርሃት ማመልከቱ እውነት ነው። ሆኖም በኢትዮጵያ አደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽን ስም ውስጥ ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን በመቆማቸው የሙያ ፍቺው ከወዲሁ ተለምዷል። ስለዚህ ለሚጠበቀው «የአመዳይ ናዳ ሥጋት»፣ ለደረሰው «የአመዳይ ናዳ አደጋ» እንዲባል፣ «ክረምት»ም በ«ብርድ ወራት» እንዲተካ ሐሳባችንን ለባለሙያዎች ውይይት እናቀርባለን።