የቃለ መጠይቁ ክላሰር

አሜሪካ ያለው ባል ወይም ሚስት አይ-130 የተባለውን የትዳር ጓደኛ መውሰጃ ማመልከቻ ካስገቡ በኋላ አዲስ አበባ ባለው ቤት አንድ ክላሰር መወፈር ይጀምራል። ይህን ክላሰር አደንቀዋለሁ። ግማሹ ደረቅ ነው፦ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት፣ የፖሊስ ማስረጃ፣ ስፖንሰሩ የሚሞላው አይ-864 የተባለው የገንዘብ ድጋፍ ቅጽ። አማርኛው ሁሉ ከነእንግሊዝኛ ትርጉሙ ይገባል። ጥር 20 ቀን 2010 የተፈጸመው ጋብቻ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 28 ቀን 2018 መሆኑን ሳይሳሳት ያሰላ ተርጓሚ ምስጋና ይገባዋል፤ የአንድ ቀን መዛነፍ እንኳ ጥያቄ ያስነሳልና።

ዋናው ውበት ግን ሌላኛው ግማሽ ላይ ነው። በቃለ መጠይቁ ቆንስሉ ማወቅ የሚፈልገው ትዳሩ የእውነት መሆኑን ነው፤ ማስረጃው ደግሞ የዕለት ኑሮ ቁርጥራጭ ነው። የሐዋላ ደረሰኝ፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ የዋትስአፕ ጭውውት («በላሽ?» «ገና ነኝ» የሚለው ሳይቀር)። ከፎቶዎቹም በስቱዲዮ መብራት ከተነሱት ይልቅ ሽማግሌዎች ተደርድረው የተቀመጡበት፣ የመልስ ዕለት አክስት ጭልፋ ይዛ ሳታውቅ የገባችበት ይበልጥብኛል። ያንን ማን አስመስሎ ያነሳዋል? ጀርባው ላይ ቀኑንና የሰዎቹን ዝምድና በእስክሪብቶ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ሳያስበው የቤተሰብ ታሪክ እያዘጋጀ ነው።

ቪዛው ተመታ ተብሎ ክላሰሩ አይጣልም። አሜሪካ ሲገቡ ጋብቻው 2 ዓመት ካልሞላው የሚሰጠው ግሪን ካርድ የ2 ዓመት ብቻ ነው። ከማብቃቱ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ጥንዶቹ አብረው ይህን ገደብ ለማስነሳት አይ-751 የተባለውን ቅጽ ያስገባሉ፤ የቤት ኪራይ ውሉ፣ የጋራ ባንክ ሒሳቡና የታክሱ ወረቀት ክላሰሩ ላይ ይጨመራሉ።