ልብስ አይቶ ስም ስለ ማውጣት

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ፣ ባኮ ከታለፈ በኋላ በምትገኘው በወለጋዋ ሲሬ «ኢሞ» ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ስልክን ነው፤ ይኸውም እናቶች በቤሩትና በጅዳ ካሉት ልጆቻቸው ጋራ እየተያዩ የሚነጋገሩበት ነው። እኛ በተማርንበት ዘመን ግን ይኸው ቃል በተማሪዎች መካከል ሌላ ትርጉም ነበረው። ጠጉሩን በግንባሩ ላይ የደፋ፣ ጥቁር ልብስ የሚያዘወትርና ከሰው የማይቀላቀል ወጣት «ኢሞ» ይባል ነበር። እንዲህ ያለው ስያሜ እንዴት እንደሚወጣና ምን እንደሚያስከትል በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመመርመር እንሞክራለን።

ቃሉ የተወለደው በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ገደማ ራይትስ ኦፍ ስፕሪንግና ኢምብሬስ የተባሉ የሙዚቃ ቡድኖች፣ ቁጣ በበዛበት በፓንክ ሙዚቃ ውስጥ የግል ሐዘንንና ጸጸትን ማሰማት ጀመሩ። ስለዚህም «ስሜታዊ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ተቈርጦ ስም ወጣላቸው። ስሙን ያወጡት ግን ሌሎች እንጂ ዘፋኞቹ አይደሉም፤ እንዲያውም የኢምብሬሱ ዘፋኝ ኢያን ማኬይ በመድረክ ላይ ቆሞ ተሳልቆበታል። ከእ.ኤ.አ. 2000 በኋላ ቃሉ ከሙዚቃው ይልቅ የጠጉርና የልብስ ስም ሆነ፤ በአንዳንድ አገርም እንደ ወንጀል ተቈጠረ። እ.ኤ.አ. በ2008 በሜክሲኮ፣ በኬሬታሮ ከተማ፣ በዚህ ስም የተጠሩ ወጣቶች በአደባባይ ተደበደቡ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የኢራቅ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ነገሩን ከሰይጣን አምልኮ ጋራ አያይዞ መግለጫ ባወጣበት ሰሞን፣ በባግዳድ ወጣቶች ተገደሉ።

ይህ የሩቅ አገር ነገር ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ የራሳችንን ቃላት እንዲመለከት እንለምነዋለን። «አራዳ» በመጀመሪያ በአዲስ አበባ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የገበያ ሰፈር ስም ነው። የገበያ ሰው ነቃ ያለ ነውና የቦታው ስም የሰው ጠባይ መጠሪያ ሆነ፤ ተቃራኒውም «ፋራ» ተባለ። እኛ በሲሬ ሳለን «አራዳ» ያሰኘን ሱሪ፣ አዲስ አበባ በደረስን ሳምንት «ፋራ» አሰኝቶናል። ሱሪው ያው ነው፤ የተለወጠው ተመልካቹ ነው። ጉፈሬም እንደዚሁ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጠላት ወረራ ዘመን አርበኞች ያሳደጉት ጊዜ የጀግንነት ምልክት ነበረ፤ በ1960ዎቹ ተማሪዎች ሲያሳድጉት ግን ከባሕር ማዶ የተቀዳ ነው ተብሎ ተነቀፈ።

ፈራጆቹ ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው ማለትም አይቻልም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ በተዘጋጀው የልብስ ትርኢት ላይ ተቃውሞ ያነሡት የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ራሳቸው ነበሩ። አጭር ቀሚስ የባዕድ ባህል መጫኛ ነው አሉ፤ በዚያም ቀን ለትርኢቱ የመጡ ሴቶች ተሰደቡ፣ ተንገላቱም። ስለ ባዕድ ተጽዕኖ መከራከር የተገባ ነበረ፤ ነገር ግን ቀሚሱን የለበሰችው ሴት ስለ ራሷ የምትለውን የጠየቃት አልነበረም።

በእርግጥ ስም ማውጣት የቋንቋ ሕይወት ነው፤ ወጣትም ከሌላ አገር መቅዳቱን አንክድም። የምንነቅፈው ስሙ በጥያቄ ፈንታ ሲገባ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳለን፣ ከገጠር መጥቶ በከተማው ቤት ተከራይቶ የሚማር አንድ ልጅ በክፍላችን ነበረ። ሁልጊዜ ጥቁር ይለብሳል፤ ጠጉሩም ዓይኑ ላይ ደርሶ ነበር። «ኢሞ» አልነው፤ አንድ መምህርም ስሙን ከእኛ ሰምተው በክፍል ውስጥ ጠሩበት። እኛም ከሳቁት መካከል ነበርን። ልጁ በዓመቱ አጋማሽ ትምህርቱን ትቶ ሄደ። ልብሱ የእናቱ ከል እንደ ነበረ፣ ጠጉሩንም መቈረጥ የተወው ከሐዘኑ የተነሣ እንደ ነበረ የሰማነው ከሄደ በኋላ፣ ከአገሩ ሰው ነው። ከል ምን እንደ ሆነ የማያውቅ በመካከላችን አልነበረም። ከስልክ የተማርነው ቃል ግን፣ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀውን ልማድ ከዓይናችን ሰወረው።

እንግዲህ የወጣቶችን ቃላት ለማጥናት ለሚነሡ ጓደኞቻችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ቃሉንና ፍችውን መዝግቦ ማለፍ አይበቃም። ማን ማንን፣ በየትኛው ቦታ፣ በምን ጊዜ እንደ ጠራበት አብሮ ይጻፍ። ተጠሪውም ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ ይጠየቅ፤ መልሱ ከስሙ ጋራ ባይስማማም እንኳ ሳይታረም ይመዝገብ።