የመንገድ ተጠቃሚው ማነው? ስለ ዓለም አቀፉ የመንገድ ደኅንነት ሪፖርት የቀረበ ሒስ

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ያወጣው የመንገድ ደኅንነት ሪፖርት በ2009 ከተጀመሩት ተከታታይ እትሞች አምስተኛው ነው። በ2021 በዓለም ዙሪያ 1.19 ሚሊዮን ሰዎች በትራፊክ አደጋ እንደሞቱ ይገምታል። ከሟቾቹ 30 በመቶው የቀላል ባለአራት ጎማ ተሽከርካሪ ተጠቃሚዎች፣ 23 በመቶው እግረኞች፣ 21 በመቶው የባለሁለትና የባለሦስት ጎማ ሞተር ተጠቃሚዎች፣ 6 በመቶው ብስክሌት ነጂዎች ናቸው። ከ2010 ወዲህ በመኪና ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሞት በጥቂቱ ሲቀንስ የእግረኞች ሞት በ3 በመቶ ጨምሯል። የሪፖርቱ ትልቁ ቁም ነገር ይኸው ነው፤ መኪናው ተሻሻለ ሲባል የተሻሻለው በአመዛኙ ለተቀመጠበት ሰው ነውና።

ሒሳችን የሚያተኩረው በአመዳደቡ ላይ ነው። ሞተር ብስክሌት ነጂውንና የባጃጅ ተሳፋሪውን በአንድ ረድፍ ማስፈር ለቆጠራ ቢመችም ለመከላከል አይጠቅምም። የነጂው ዋነኛ መከላከያ የራስ ቁር ነው፤ የባጃጅ ተሳፋሪ ግን ቁር አያጠልቅም፣ አደጋ ሲደርስም በክፍቱ ጎን ተወርውሮ ይወድቃል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው የአውቶቡስ ተሳፋሪዎችና በጭነት መኪና የሚጓዙ ሰዎች ከላይ ከተዘረዘሩት ውጭ በሆነው 20 በመቶ ገደማ ቀሪ ውስጥ መጠቅለላቸው ነው። አብዛኛው ሰው የግል መኪና በሌለው በእኛ ዓይነቱ አገር «ቀሪ» የተባለው መንገደኛ ከዋናዎቹ አንዱ ነው።

ይሁን እንጂ ሪፖርቱን ብቻ መውቀስ አይገባም። በ2018 እትም ለኢትዮጵያ በ2016 የተመዘገበው ሞት 4,352 ሲሆን የድርጅቱ ግምት ግን ከ27 ሺህ በላይ ነበር። ከስድስት እጥፍ የሚበልጥ ልዩነት! ግምቱ የሒሳብ ስሌት ውጤት በመሆኑ ሊጠየቅ ይችላል፤ ለጥያቄው መልስ የሚሰጠው ግን ከታች የሚመጣ መዝገብ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ እኛው ካርድ ይመለሳል። በድንገተኛ ክፍል «የመኪና አደጋ» ብለን ጽፈን እናልፋለን። አሥረኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ግን ለእግረኛ፣ ለብስክሌት ነጂ፣ ለሞተረኛ፣ ለባለሦስት ጎማ ተሳፋሪ፣ ለአውቶቡስ ተሳፋሪ የየራሳቸውን መለያ ሰጥቷል፤ በጭነት መኪና ውጭ ተንጠልጥሎ ለሚጓዘው ሰው ሳይቀር ቦታ አለው። መለያው ለሕክምናውም ይረዳል። ቆሞ ሳለ የተገጨ ጎልማሳ በመጀመሪያ እግሩ ይመታል፣ ቀጥሎ ጭንቅላቱ ከኮፈኑ ወይም ከፊት መስታወቱ ጋር ይጋጫል፣ በመጨረሻም መሬት ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የተሰበረ ቅልጥም ይዞ የመጣን እግረኛ ጭንቅላቱን ሳይመረምሩ መተው አደገኛ ነው። ቀበቶ ያላሰረ አሽከርካሪ ከሆነ ደግሞ መሪው የመታው ደረት ቀድሞ ይታሰባል።

የትራፊክ ሞት ማለት በተለምዶ አደጋው ከደረሰ በ30 ቀናት ውስጥ የተከሰተ ሞት ነው። በሦስተኛው ሳምንት በኢንፌክሽን ወይም በሳንባ የደም መርጋት ያረፈውን ታካሚ የትራፊክ ፖሊስ ላያውቀው ይችላል። የሚያውቀው የሞት ምክንያቱን የሚጽፈው ሐኪም ነው፤ እርሱም «ኢንፌክሽን» ብቻ ብሎ ከጻፈ ሟቹ ከእግረኞችም ከተሳፋሪዎችም ቁጥር ውጭ ይሆናል።