«የቅርብ ኃላፊ» የሚለው ስያሜ እና የእንግሊዝኛ አቻው፦ ከናሙዎንጎ አንጻር የቀረበ ትችት

የአማርኛ ትምህርታዊ ሰዋስው «ሄደ»ን ኃላፊ፣ «ሄዷል»ን የቅርብ ኃላፊ፣ «ሄዶ ነበር»ን የሩቅ ኃላፊ ሲል ኖሯል። የእንግሊዝኛ መምህሩም ይህንኑ ተቀብሎ «ሄደ»ን ከ«ዌንት»፣ «ሄዷል»ን ከ«ሃዝ ጎን» ጋር ያጣምራል። ይህ ጥምረት በአዎንታ ዐረፍተ ነገር አሳሳች ነው፤ በአሉታ ደግሞ ከነጭራሹ መሠረት የለውም።

ጉዳዩ ከመማሪያ ክፍል ያልፋል። በካምፓላ ማኪንዴ ክፍለ ከተማ፣ በባቡር ሐዲዱ ዳር በተዘረጋው ናሙዎንጎ እና በአቅራቢያው ባለው ካባላጋላ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ፣ ሉጋንዳንና ስዋሂሊን በየመንገዱ ይሰማል፤ እንግሊዝኛ ግን የመዝገብ ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. የ2006ቱ የኡጋንዳ የስደተኞች ሕግ የጥገኝነት ማመልከቻን የሚመረምር ኮሚቴ አቋቁሟል። (ሕጉ የወጣበትን ዓመት ጠቅሼ «አቋቁሟል» ስል የአማርኛ አንባቢ ቅር አይለውም፤ የመጀመሪያው ማስረጃ ይኸው ነው።)

«ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ገድለዋል» ማለት እንከን የለውም። ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የራቀ ድርጊት «የቅርብ» ሊባል ግን አይችልም። ቮልፍጋንግ ክላይን እ.ኤ.አ. በ1992 እንቆቅልሽ ብሎ የመረመረው የእንግሊዝኛ ጠባይ፣ ማለትም ይህ ቅርጽ ቁርጥ ካለ የኃላፊ ጊዜ ገላጭ ጋር አለመስማማቱ፣ በአማርኛ የለም። በሌላ በኩል ቁልፉን እየፈለገ ያለ ሰው «ቁልፌ ጠፋብኝ» ይላል፤ እንግሊዝኛ በዚህ ስፍራ የሚመርጠው «ሃቭ ሎስት»ን ነው። ጥምረቱ በሁለቱም አቅጣጫ ይፈርሳል። «ሌሊት ዘንቧል» የሚለው ጠዋት እርጥቡን መሬት ያየ ሰው ነውና፣ «ዘንቧል» የሚለየው በጊዜ ርቀት ሳይሆን በሚታየው ውጤትና ከውጤቱ በሚወሰደው ግምት ይመስለኛል።

አሳሳቢው ግን አሉታው ነው። የ«ሄደ»ም የ«ሄዷል»ም አሉታ «አልሄደም» ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ይጠፋል። ለምሳሌ ያህል አመልካቹ ስለ ትውልድ ቀየው ተጠይቆ «አልተመለስኩም» አለ እንበል። አስተርጓሚው «ዲድ ኖት ሪተርን» ካለ፣ ቃሉ ጥያቄው በያዘው ጊዜ ላይ ሊታሰርና ከዚያ ወዲህ ያለው ክፍት ሊቀር ይችላል። «ሃቭ ኖት ሪተርንድ» ካለ ደግሞ እስከ ቃለ መጠይቁ ዕለት ያለው ሁሉ ይሸፈናል። አመልካቹ ያልተናገረውን ልዩነት መዝገቡ በስሙ ይይዛል፤ በሁለተኛው ቃለ መጠይቅ የሚነሣው «ቀድሞ ከሰጠኸው ቃል ጋር ይጋጫል» የሚል ጥያቄም ከዚህ ሊመነጭ ይችላል። አማርኛ መፍትሔ አላጣም፦ «ተመልሼ አላውቅም» እና «ገና አልተመለስኩም» የሚሉት አሉ። አስተርጓሚው ከመተርጎሙ በፊት በእነዚህ መልሶ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ «የቅርብ ኃላፊ»ን የተማረ ሰው ግን የሚጠየቅ ነገር መኖሩን አያውቅም።

የሚገርመው የጎረቤት ቋንቋዎች ልዩነቱን በአሉታ ጠብቀው መያዛቸው ነው። ስዋሂሊ «ሲጃሩዲ» ሲል እስከ አሁን አለመመለስን፣ «ሲኩሩዲ» ሲል በዚያን ጊዜ አለመመለስን ያመለክታል። ሉጋንዳም «ሲናገንዳ»ን (ገና አልሄድኩም) ከ«ሳገንዳ» (ያኔ አልሄድኩም) ይለያል። ቅርብና ሩቅ የሚለው ክፍፍልም ቢሆን በእውነት የሚስማማው ለሉጋንዳ ነው፤ አሽተንና ሦስት ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1954 ያሳተሙት ሰዋስው ይህን ይገልጻል። ስለዚህ ለናሙዎንጎ ተማሪ የእንግሊዝኛውን ምርጫ በስዋሂሊ በኩል ማስተማር ከአማርኛው ሰንጠረዥ ይልቅ ይቀናል ባይ ነኝ። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፦ «ሲናገንዳ» የ«ገና»ን ትርጉም በውስጡ ስለሚይዝ ወደፊት የመሄድን ተስፋ ሊያዝል ይችላል፤ «ሃቭ ኖት ጎን» ብቻውን ይህን አያዝልም። ወደ ቀየው ፈጽሞ ላለመመለስ ለቆረጠ አመልካች ደግሞ «ገና» ራሱ አደገኛ ቃል ነው።